ወታደሩን ማን ያበላዋል?

በ1888 ዓ.ም. የካቲት አጋማሽ ላይ አድዋ ዙሪያ የሰፈረው የአፄ ምኒልክ ሠራዊት ስንቁን እየጨረሰ ነበር። ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከሐረር፣ ከቤጌምድር የተሰበሰበው ጦረኛ ከ100 ሺህ በላይ እንደነበር ይገመታል። አገልጋዩ፣ ስንቅ አዘጋጇ ሴት፣ አጋሰሱና በቅሎው ሲጨመር የአካባቢው ገበሬ ጎተራ ምን ያህል እንደተራቆተ መገመት አያቅትም። የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲዬሪ ይህን ያውቅ ነበር። የእሱም ስንቅ ሳስቶ ነበር፤ ሆኖም ጥቂት ቀናት ቢታገሥ ኖሮ ንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊቱን መበተን ወይም ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይሆንባቸው ነበር የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ከሮም የሚመጣው ቴሌግራም ግን ፋታ አልሰጠውም። የካቲት 23 ቀን የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ድሉን ለሌሎች ትቼ ስለ ስንቁ ላውራ። በዚያ ሰፈር አፄ ምኒልክ የሚቀልቡት የራሳቸውን ሰው ነበር። የራስ መኮንንን ጦር የሚያበሉት ራስ መኮንን ናቸው፤ የጎጃሙን ጦር ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ የትግራዩን ራስ መንገሻ ያበሉታል። ወታደሩ ደግሞ የሚያውቀው ጌታ የሚያበላውን ጌታ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ስማቸው ቢፈራም ቢከበርም፣ በእያንዳንዱ ወታደርና በእሳቸው መካከል መሶብ የያዘ አንድ መኮንን ቆሟል። ከቴዎድሮስ እስከ ኃይለ ሥላሴ የነበረው የመንግሥት ታሪካችን ዋና ጉዳይ ይህን በመካከል የቆመ ሰው ማስነሣት ነበር ብዬ አምናለሁ። ማን ዘውድ ጫነ፣ ማን ማንን ድል ነሣ የሚለው የታወቀ ታሪክ ነው። የቀለቡ ታሪክ ግን በየመዝገቡ ተበትኖ ስለሚገኝ ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን።

ጉዳዩ ቀድሞ የገባቸው አፄ ቴዎድሮስ ይመስሉኛል። ራሳቸው ከሽፍትነት ስለተነሡ፣ ሰው ጌታውን ለምን እንደሚከተልና ለምን ጥሎት እንደሚሄድ ከማንም መማር አላስፈለጋቸውም። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ከነገሡ በኋላ ሠራዊቱን በሃምሳ አለቃ፣ በመቶ አለቃ፣ በሻለቃ ከፋፈሉት። ወታደሩ ባላገሩን እየዘረፈ መኖሩን ትቶ በደሞዝ እንዲያድር አሰቡ። አሳቡ ከዘመኑ የቀደመ ነበር፤ ችግሩ ገንዘቡ ነው። ገንዘቡን ፍለጋ ዓይናቸውን የጣሉት በቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ ነው። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃዋል፣ የቀረው መሬት ለገበሬው ተሰጥቶ ይገብር አሉ። ካህናቱ በዚህ ተነሡባቸው። ጳጳሱ አቡነ ሰላማ መቅደላ ታስረው እዚያው አረፉ። ደሞዙ አልተገኘም፤ ደሞዝ ያላገኘው ሠራዊት የሚያውቀውን ኑሮ ቀጠለ፣ ማለትም ዘረፋውን። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ራሷ ተዘርፋ ተቃጠለች። የተዘረፈው አገር ይሸፍታል፤ የሸፈተው አገር ግብር አያስገባም፤ ግብር የሌለው ንጉሥ ደግሞ እንደገና መዝረፍ ይኖርበታል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ አጠገባቸው የቀረው ሰው ጥቂት ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ከደብረ ታቦር ተራራውን ሁሉ ተጎትቶ ደርሷል፤ ጎታቹ ግን በየመንገዱ እየከዳ አልቋል።

አፄ ዮሐንስ ከዚህ የተማሩ ይመስላል። ቀለቡን በመኳንንቱ እጅ ትተው መኳንንቱን እርስ በርስ በማመጣጠን ነገሡ። የሸዋውን ምኒልክ በ1870 ዓ.ም. ሲያስገብሩ ንጉሥነታቸውን አላነሡባቸውም፤ የጎጃሙንም ራስ አዳል ተክለ ሃይማኖት ብለው አነገሡ። ሁለቱ ነገሥታት በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ሲዋጉ ሁለቱንም ቀጡ። በአንድ ሰው ችሎታ የሚሄድ ብልህ አሠራር ነበር፤ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ያ ሰው ሲወድቅ አሠራሩም አብሮ ወደቀ።

ምኒልክ ያገኙት መፍትሔ ከሁለቱም ይለያል፤ ብዙ ማውራት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ጀምሮ ፊታቸውን ወደ ደቡብ፣ ወደ ምዕራብና ወደ ምሥራቅ መልሰው ነበር። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ድል ከነሡ በኋላ ሐረርን ሲይዙ ወደ ባሕር የሚያወጣውን የንግድ በር ያዙ፤ በዚያ በር ቡናና የዝሆን ጥርስ ይወጣል፣ ጠመንጃ ይገባል። ጠመንጃው አዲስ አገር ያስገብራል፤ አዲሱ አገር ጠመንጃ መግዣውን ያወጣል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ከብቱን የፈጀው ክፉ ቀን ሰሜኑን ሲያራቁት የተራበው ወታደር ወደ ደቡብ መውረዱ የግድ ሆነ። የሚዘምተው ሠራዊት በዘመቻው ራሱን መገበ ማለት ነው።

ከዘመቻው በኋላ ግን ወታደሩ በያዘው አገር ይቀመጣል፤ ቀለብም ይፈልጋል። ግምጃ ቤቱ ገንዘብ ስለሌለው በገንዘብ ፋንታ ሰው ተሰጠው። ለእያንዳንዱ ነፍጠኛ እንደ ማዕረጉ ገባር ተቆጠረለት። ገባሩ እህልና ማር ያገባል፣ እንጨት ይለቅማል፣ አጥር ያጥራል፣ የጌታውን ሁዳድ ያርሳል፣ ሚስቱ ትፈጫለች። በገዛ መሬቱ ላይ የሌላ ሰው ደሞዝ ሆነ። ይህ አሠራር ለመንግሥቱ እጅግ ርካሽ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ምንም ገንዘብ ሳይወጣ ከከፋ እስከ ባሌ ጦር ሰፍሮ ተቀመጠ። ዋጋውን የከፈለው የደቡብ ገበሬ ነው፤ ሒሳቡም በአንድ ትውልድ ተከፍሎ የሚያልቅ አልነበረም። አፄ ቴዎድሮስ ያልተሳካላቸው ለአፄ ምኒልክ የተሳካበትን ምክንያት በጥበብና በትዕግሥት ብቻ የሚያስረዱ ሰዎች ይህን የሂሳብ መስመር ዘለው ያነባሉ።

በሰላም ያደረ አገር ግን ሌላ ውል አገኘ። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ሳይዋጉ ስለገቡ፣ በየዓመቱ ግብር እያስገቡ ነፍጠኛ ሳይሰፍርባቸው አገራቸውን ራሳቸው ማስተዳደሩን ቀጠሉ። የወለጋዎቹ ደጃዝማች ጆቴና ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔርም እንዲሁ። ይህ ውል ለአፄ ምኒልክ ተስማሚ ነበር፤ ለተከታያቸው ግን እሾህ ሆነ።

ተከታያቸው ስል ራስ ተፈሪን ማለቴ ነው፤ ልጅ ኢያሱንና ንግሥት ዘውዲቱን መዝለሌን ይቅር በሉኝ። ተፈሪ መኮንን በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ሲሆኑ የያዙት ሥልጣን ከስሙ ያነሰ ነበር። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ከእሳቸው የበለጠ ጦርና አገር ነበራቸው። በዚያው ዓመት ግን የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ደረሰ። የባቡሩን ነገር ስናነሣ ብዙውን ጊዜ የምናስበው ሥልጣኔን ነው፤ ለአልጋ ወራሹ ግን ባቡሩ ከሁሉ በፊት የጉምሩክ ኬላ ነበር። ቡናውና ቆዳው በአንድ ሐዲድ ሲወጣ ቀረጡ የሚሰበሰበው በአንድ ቦታ ነው። ከገባር የሚመጣውን እህል አምባ ላይ የተቀመጠ መኮንን በመንገድ ሊያስቀረው ይችላል፤ ድሬዳዋ ላይ የሚከፈለውን ብር ግን አይደርስበትም።

ራስ ተፈሪ ለመጠበቅ ችሎታ ነበራቸው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በ1919 ዓ.ም. ሲሞቱ ጦራቸውንና ርስታቸውን በፍጥነት ጠቅልለው ወሰዱ። ቀጥሎ የሲዳሞው ገዥ ደጃዝማች ባልቻ ተራ መጣ። ባልቻ ሳፎ የአድዋ ጀግና ናቸው፤ ለአልጋ ወራሹም ብዙ ክብር አልነበራቸውም። በ1920 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጠሩ በሺህ የሚቆጠር ጦር አስከትለው መጥተው ከከተማው ዳር ሰፈሩ። አልጋ ወራሹ ግብር ጠሯቸው። ባልቻ በአጃቢዎቻቸው ተከበው ቤተ መንግሥት እየበሉ እየጠጡ ሳሉ፣ ከአልጋ ወራሹ ወገን የሆኑት ራስ ካሣ ወደ ሰፈሩ ተልከው ጦሩን በገንዘብና በምክር በተኑት። ደጃዝማች ባልቻ ሲመለሱ ሰፈሩ ባዶ ነበር። ሲዳሞ ለሌላ ተሰጠ፤ እሳቸው ወደ ገዳም ገቡ። ከዓመታት በኋላ በስተርጅናቸው ጣሊያንን ሲወጉ መሞታቸውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ የተሸነፉት በፍርሃት አልነበረምና።

ይህ ታሪክ የሚተረከው እንደ ተንኮል ነው፤ ሰዎችም ይስቁበታል። እኔን የሚያስገርመኝ ተንኮሉ ሳይሆን ወታደሩ ለምን እንደተበተነ ነው። የባልቻ ወታደር የሚበላው ከሲዳሞ ገባር ነው። ሲዳሞን የሚሰጠው አዲስ አበባ ነው። ጌታው ከተሻረ ወታደሩ ገባሩን ይዞ ለመቀጠል ለአዲሱ ሹም ማደር አለበት። በደቡብ ላይ የተሾመ መኮንን ጦሩ የቱን ያህል ቢበዛ መሠረቱ የሹመት ወረቀት ነበር። በጎጃምና በትግራይ ግን እንዲህ አይደለም፤ እዚያ መኳንንቱ አገሩን ከአባት ከአያት የወረሱት ነው፤ ባላገሩም በርስቱ ላይ ተተክሎ የተቀመጠ ነው። ለዚህ ነው ደቡቡ በአንድ ግብር ማብያ ቀን የተወሰደው፣ ሰሜኑ ግን ትውልድ የፈጀው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። የቤጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ሸፍተው አንቺም ላይ ሲዋጉ ከላያቸው አውሮፕላን ወረቀትና ቦምብ ጣለባቸው። በዚያው ዓመት ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር በተፈረመው ውል የጦር መሣሪያ በሕጋዊ መንገድ ማስገባት የሚችለው ማዕከላዊው መንግሥት ሆነ። የታሪክ መጻሕፍት ይህን ውል በአንድ መስመር ያልፉታል፤ ለእኔ ከአንቺም ጦርነት አይተናነስም። ተፈሪ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ከነገሡ በኋላ በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ወጣ፤ ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ከጃፓኑ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ወስደዋል። መኳንንቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል እየተባሉ አዲስ አበባ ተቀመጡ። ጃፓኖች ከሜይጂ በፊትም ይህን ጥበብ ያውቁት ነበር፤ የቶኩጋዋ ገዥዎች ከ1635 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሳፍንቱን በየተራ ኤዶ እንዲቀመጡ፣ ሲሄዱም ሚስትና ልጆቻቸውን እዚያው እንዲተዉ ያስገድዱ ነበር። የእኛው ለዘብ ያለ ነው፤ ውጤቱ ግን ተቀራራቢ ነው፤ ከተማ የተቀመጠ መኮንን አገሩ ላይ ጦር አያሰለጥንም።

በ1924 ዓ.ም. የጎጃሙ ራስ ኃይሉ የተሻሩትን ልጅ ኢያሱን ከፍቼ እስር ለማስመለጥ ረድተዋል ተብለው ተፈረደባቸው፤ ሀብታቸው ተወረሰ፤ ጎጃም ለንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ ለራስ እምሩ ተሰጠ። በዚሁ ጊዜ የአባ ጅፋር ቤት ሥልጣን አበቃ፤ የልጅ ልጃቸው አባ ጆቢር ተነሥተው ጅማ ከአዲስ አበባ በተላኩ ሹማምንት መተዳደር ጀመረች። ለአፄ ምኒልክ የገቡት ቃል እስከ መጨረሻው ተጠብቆ ነበር፤ ግብሩም አልተጓደለም። የጅማ ጥፋት ቡና ማብቀሏ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረውን የጣሊያን ወረራ እዚህ ላይ የማነሣው አንድ የማይመች ነገር ለመናገር ነው። ፋሽስቶቹ የመኳንንቱን ጦር ሰበሩ፣ ብዙዎቹን ገደሉ፣ ከቀሩትም ወደ ጣሊያን ያጋዟቸው ነበሩ። መንገድ ሠሩ። በያዙት አገር የገባሩን ሥርዓት አፈረሱ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ለራሳቸው ቅኝ ግዛት ነው፤ በግፋቸው ላይ ምስጋና የሚገባቸው የለም። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ያገኙት አገር ጥለውት የሄዱት አልነበረም። ቀድሞ በየአቅጣጫው ቆመው የነበሩት ራሶች ጦር የላቸውም፤ መንገዱ ግን እስከ በራቸው ድረስ ደርሷል።

ያን ጊዜ ወረቀቱ ሥራውን ጀመረ። በመጋቢት 1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ። በዚያው ዓመት በወጣው ድንጋጌ አገሩ በ12 ጠቅላይ ግዛት ተከፈለ፤ እያንዳንዱ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተሸነሸነ። ጠቅላይ ገዥው በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማል፣ ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ይታዘዛል፣ ደሞዙን ከመንግሥት ይቀበላል፣ የግል ጦር አይኖረውም። ግብሩን የሚቀበለው የገንዘብ ሚኒስቴር ሹም ነው። የመሬቱ ግብር በጋሻ ለለም 15 ብር፣ ለለም ጠፍ 10 ብር፣ ለጠፍ 5 ብር ተብሎ ተቆረጠ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ለሚል አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። መብላቱ ቀረ ማለቴ አይደለም፤ ከዚያ ወዲያ ግን በልቶ የተገኘ ሹም የሚከሰስበት መዝገብ አለ። ቴዎድሮስ የተመኙት ደሞዝ ከ80 ዓመት በላይ ዘግይቶ መጣ።

ሰሜኑ ግን ዝም ብሎ አልተቀበለውም። በ1935 ዓ.ም. መጨረሻ በትግራይ የተነሣው የወያኔ ዐመፅ የበረታው በአዲሶቹ ሹማምንትና በግብር አሰባሰባቸው ምሬት ነው፤ የቆመውም የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከኤደን ተነሥተው መቀሌን ከደበደቡ በኋላ ነው። ጎጃም መሬቱ እንዲለካ ፈጽሞ አልፈቀደም፤ ለካ ማለት የርስት መብቱን ነካ ማለት ነበርና። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃሜ እንደገና ሸፈተ። ጦርና አውሮፕላን ተላከበት፤ በመጨረሻ ግን ገዥው ተነሡ፣ የቆየ ውዝፍ ግብር ተማረ። ከአድዋ ወዲህ እጅግ ጠንክሯል የምንለው መንግሥት የአንድን ገበሬ ማሳ ገመድ ዘርግቶ መለካት አቅቶት ነበር። መኮንኑን ከመካከል አስነሥቶታል፤ ከጀርባው የነበረውን ባላገር ግን ገና አልደረሰበትም።

ደሞዙም ብቻውን አልበቃም። ለአርበኛው፣ ለስደተኛው፣ ለወታደሩና ለሹሙ በደቡብ የመንግሥት መሬት በጋሻ መታደሉ ቀጠለ፤ ገባር የነበረው ጭሰኛ ሆነ። ሚኒስትሮቹም ከፍ ከፍ ሲሉ ይወርዳሉ። ከ1933 ጀምሮ ሁሉ በእጃቸው ያልፍ የነበረው ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ በ1947 ዓ.ም. ተሽረው አርሲን እንዲገዙ ተላኩ። እንደ ድሮው ባልቻ ግብር መጥራትም ሰፈር መበተንም አላስፈለገም፤ አንድ ደብዳቤ በቃ። ለጦሩ ደግሞ ሌላ ምንጭ ተገኘ። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር በተፈረመው ስምምነት አሜሪካኖች አስመራ ላይ የቃኘውን የመገናኛ ጣቢያ ሲይዙ ኢትዮጵያ መሣሪያና ሥልጠና አገኘች። ወደ 40 ሺህ የደረሰ፣ ለአካባቢ መኮንን የማያድር፣ ከአንድ ግምጃ ቤት የሚበላ ሠራዊት ቆመ።

ግምጃ ቤቱ አንድ ከሆነ ቅሬታውም የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ ጦር መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ሲከሽፍ፣ አክሽፎ ንጉሠ ነገሥቱን ያዳነው የምድር ጦር ብዙም ሳይቆይ የደሞዝ ጭማሪ ጠየቀ፤ ተሰጠውም። ያኔ ወታደሩ አንድ ነገር ተማረ። ጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የሰፈረው ብርጌድ ወታደሮች የውሃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ፣ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናጠጣም አሏቸው። ምግቡም የሚበላ አልነበረም። ዐመፁ። ከአዲስ አበባ ሊያጣሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው ያንኑ ምግብ አበሏቸው፣ ያንኑ ውሃ አጠጧቸው። በሳምንታት ውስጥ ደብረ ዘይት፣ አስመራ ተከተሉ። ደሞዝ ተጨመረ፣ እንደገናም ተጨመረ። የካቲት 20 ቀን የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ፤ ሰኔ ላይ የወታደሮቹ ኮሚቴ ደርግ ቆመ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት አወጧቸው።

በእነዚያ ስምንት ወራት ጦር ሰብስቦ ወደ አዲስ አበባ የገሠገሠ አንድም ራስ አልነበረም። በ1909 ዓ.ም. ቢሆን ኖሮ ከየአቅጣጫው አምስትና ስድስት ይነሣ ነበር፤ ለዙፋኑም ሆነ በዙፋኑ ላይ። ንጉሠ ነገሥቱ ከራሳቸው በቀር ወታደር የሚያበላ ሰው እንዳይኖር አርባ ዓመት ደክመው ተሳክቶላቸዋል። የትግራዩ ጠቅላይ ገዥ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ብቻ በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ጥቂት ተከታዮች ይዘው ጫካ ገቡ። በኋላ ከሌሎች ጋር የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ኅብረትን (ኢዲዩን) አቋቋሙ፤ በ1969 ዓ.ም. ጦራቸው ሁመራንና መተማን ለጥቂት ጊዜ ይዞ ነበር። ያ ጦር ስንቁንና መሣሪያውን የሚጠብቀው ከሱዳን ድንበር ማዶ ነበር፤ ደርግ በዚያው ዓመት በችኮላ አሰልጥኖ ባዘመተው ሚሊሻ መታው።